የለውጡ ምክንያት፦ ዳገት

ሸዋ ሮቢት
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእዮኤል፣

ይህች ወረቀት ባሕር ተሻግራ እጅህ ስትገባ በጤና ታግኝህ። የሰው አገር ፀሐይ አያክሳህ፤ የአሠሪህንም ፊት እግዚአብሔር ብሩህ ያድርግልህ። እኔና ራሔል ደህና ነን። ደህና ስልህ ቆመን እንሄዳለን ማለቴ ነው።

የእህትህን የወይንሸትን መንፈቅ የዛሬ ሳምንት አወጣን። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። መካኒኩ ሰዲቅም ሰዎቹን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ለእነሱ የራሳቸው ሰው አርዶ ለብቻ ተሠራላቸው። ሲወጣ እጄን ይዞ «ጋሼ ፀጋዬ፣ መኪናዋን እንዲህ አቁመው አቧራ አያልብሷት፤ እሷም ሐዘን ተቀመጠች እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ነጯን ዲኤክስ አላስነሣኋትም።

ደብዳቤውን የጎረቤታችን ልጅ ነኢማ ወደ ሻርጃ ስትመለስ በእጇ ታደርስልሃለች። የስልኩ ዳታ ከተዘጋብን ቆይቷል። ቢኖርም እኔ ስልክ ላይ አይሆንልኝም፤ ድምፅህ የእሷን ይመስልብኝና የምለው ይጠፋኛል። ባለፈው «ጋሼ፣ ከሮቢት ደብረ ብርሃን ያን ያህል ምን አቆያችሁ?» ስትለኝ መስመሩ ተቋረጠ። አልተቋረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ቅዳሜ ነበር፣ ሚያዝያ 5። ወይንሸት ሆዷን ካመማት ሁለት ቀኗ ነው፤ የጾም ነው እያለች ደበቀችኝ። እዚህ ያሉት ሐኪሞች አይተው «ትርፍ አንጀት ነው፤ አሁኑኑ ደብረ ብርሃን ይዘዋት ይውጡ» አሉኝ። አምቡላንሱ ሌላ ታማሚ ይዞ ወጥቶ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ በራሳችን መኪና ተነሣን። ራሔል ከኋላ ሆና የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች።

ሜዳው ላይ ደህና ነበርን። አርማኒያን አልፈን ዳገቱ ሲጠና ግን አንተ ለገና የላክህልኝ የሙቀት መለኪያ ጌጅ ይወጣ ጀመር። ራሴ ካሰርኩት ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ከቤት ሱቅ ስመላለስ መርፌው ከታች አይነሣም ነበር። አሁን መቶ ሃምሳ፣ መቶ ሰማንያ፣ ከዚያ መቶ ዘጠና አምስት ገባ። ውሃ በመቶ እንደሚፈላ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ሞተሩ ሊነድ ነው ብዬ አቆምኩ። ኮፈኑን ከፍቼ፣ እርጥብ ጨርቅ ራዲያተሩ ላይ ጥዬ፣ እስኪበርድ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምኩ ጠበቅሁ። አርባ አንድ ጊዜ ስደርስ መርፌው ይወርዳል። ደብረ ሲና መውጫ ላይ ደግሜ አቆምኩ። ከጣርማ በር ዋሻ በታችም እንዲሁ። ሦስቱ ሲደመር አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ስንደርስ ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን…» ብሎ ቀሪውን ተወው። እኔም አልጠየቅሁትም።

የዲኤክሷ ሞተር ሺህ ሦስት መቶ ሲሲ ነው፤ ለዳገት ጉልበት የለውም። ያቆየን ይኸው ነው። ያንተ ጌጅ ባይኖርማ ሞተሩ ነድዶ ጭራሽ ሳንደርስ እንቀር ነበር። ስለ እሱ እስካሁን አላመሰገንኩህም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

መኪናዋን ልሸጣት አስቤያለሁ። ራሔል «የእማዬ ሽታ አለባት» እያለች ትከለክለኛለች። ምከረኝ።

ቀን የሚጠብቅህ አምላክ ሲመሽም አይለይህ።

ፀጋዬ


ሻርጃ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ፀጋዬ፣

እንደምን ከረሙልኝ? በሄድኩበት ሁሉ በጸሎትዎ እንዳሉኝ አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በጥቅምት መጨረሻ ነው። መልሱን ሦስት ወር ስላዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

መኪናዋን አይሽጡ። የምሠራበት ግቢ የተጋጩ መኪኖች ተፈትተው የሚሸጡበት መሆኑን ያውቃሉ። ከኋላዋ የተመታች አንዲት መኪና ገብታለች፤ ሞተሯ ያልተነካ፣ ሁለት ሺህ ሲሲ፣ እንደ ዲኤክሷ በኋላ ጎማ የምትገፋ። አለቃዬን ለምኜ አስቀርቻታለሁ። ሞተሩን ከነካምቢዮው፣ ካርዳኑን፣ ዲፈረንሻሉን፣ የአራቱንም ጎማ ፍሬን በአንድ ነጋዴ ኮንቴይነር ውስጥ እልካለሁ። ለትልቅ ሞተር የትንሽ ሞተር ፍሬን አይበቃውም፤ ሰዲቅ «ሞተሩን ብቻ ልግጠም» ቢልዎት እንዳይሰሙት።

እህቴን የገደላት ሺህ ሦስት መቶ ሲሲ ነው ጋሼ። ሌላ ምንም አይደለም። ሌላ ነገር አያስቡ።

አሮጌውን ዕቃ ሁሉ ያስጥሉት። ያቺን ጌጅም ጭምር። ርካሽ ዕቃ ናት፤ አትረባም። አዲሱ ሞተር ከራሱ ጌጅ ጋር ነው የሚመጣው።

ራሔልን ይሳሙልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ እዮኤል


ሸዋ ሮቢት
የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእዮኤል፣

የእመቤታችን ልጅ ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። ደብዳቤህ ደርሶኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለራሔል ጮክ ብዬ፣ ሁለቴ ለብቻዬ።

ሰዲቅ ጋ ሄጄ ነገርኩት። ከመኪና ሥር ሳይወጣ ሳቀብኝ። «ሁለት ሺህ ሲሲ በዚህች ላይ? ወላሂ ጋሼ፣ አዛኑ ሳያልቅ ደብረ ሲና ይደርሳሉ! እኔ የምፈራው ሞተሩ ቀድሞ ደርሶ እርስዎና ወንበሩ ሮቢት እንዳትቀሩ ነው።» ከዚያ ወጥቶ ዕቃውን ሁሉ እንደምትልክ ሲሰማ ቀልዱን ተወ። የኋላው እግር፣ ማለትም ዲፈረንሻሉ፣ ከነፍሬኑ አብሮ ከመጣ ይሠራል አለኝ። ሞተሩ የሚያርፍበትን ብረት ቆርጦ እንደገና መበየድ አለበት፤ ካምቢዮውም ስለሚረዝም የወለሉን ላሜራ ይከፍተዋል። «ልብሷ ያው ነው፤ ሥጋዋን ነው የምንቀይረው» አለኝ።

እኔ ግን ደክሞኛል እዮኤል። ሱቅ ከፍቼ እቀመጣለሁ፣ ሰው ባልዲ ይጠይቀኛል፣ ባልዲ እሰጣለሁ። ማታ ምን ሸጥክ ብባል አላስታውስም። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ራሴን እጠይቃለሁ፦ ይህን ሞተር የምፈልገው ለማን ነው? መኪናዋ የፈለገችውን ያህል ብትፈጥን ላለፈው ሚያዝያ አትደርስም። ይህን እያወቅሁ ከልብህ ስለምታስብልኝ አይሆንም ማለት አፈርኩ። ራሔልም ደብረ ብርሃን ኮሌጅ ገብታለች፤ በወጣችና በወረደች ቁጥር ልቤ ከእሷ ጋር ነው። ስለዚህ ላከው። ስለ እሷ ላከው።

ጌጁን ግን አልጥልም፤ በዚህ አትቆጣ። ከፖስታው ስናወጣው ወይንሸት ምን አለች መሰለህ? «ይኸው ወንድሜ! ለእኔ ሽቶ መላክ ሲገባው ለመኪና ሰዓት ላከ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ጠረገችው። ከሞተሩ ጋር እንዲያያዝ ለሰዲቅ ነግሬዋለሁ።

መድኃኔዓለም ከእጅህ ላይ ብረቱን፣ ከልብህም ላይ ሐዘኑን ያቅልልህ።

ፀጋዬ


ሻርጃ
ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ፀጋዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ።

ሞተሩ ተጭኗል። በሰኔ ጅቡቲ ይደርሳል ተብያለሁ። የእህቴ ሙት ዓመት ዕለት ሥራ አልገባሁም፤ ከሞተሩ ጋር ነበር የዋልኩት። በነዳጅ አጠብኩት፤ አራቱንም ካንዴላ ቀየርኩ።

ስለ ጌጁ አንድ ጊዜ ብቻ ልድገምልዎት፤ ለአዲሱ ሞተር አትስማማም። ሰዲቅ እንዳይነካካት። እርስዎ ራስዎ ያውጧትና ወንዝ ይጣሏት። የወይንሸት ትዝታ ከፈለጉ ፎቶዋን አሳጥቤ እልካለሁ። እባክዎን ጋሼ።

እርስዎ ምንም አላጠፉም። ይህን ይወቁልኝ።

እዮኤል


ሸዋ ሮቢት
ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእዮኤል፣

ሰላምታዬ ከዝናቡ ጋር ይድረስህ። ዘንድሮ ክረምቱ ቆላውንም አልረሳውም፤ ቆቦ ወንዝ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሰው አስቀርቷል።

ዕቃህ ሰኔ 20 በጭነት መኪና መጣ። ሳጥኑ ሲከፈት ሞተሩ እንደ ሙሽራ ያብረቀርቃል። ሰዲቅ ዙሪያውን ሁለቴ ዞሮ «ይሄን ያጠበው ሰው እጁ ይባረክ፤ እኔ ልጄን እንዲህ አላጥብም» አለ።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። አሮጌው ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሲወጣ አጠገቡ ነበርኩ። ትንሽ ነው እዮኤል። እኔ ትልቅ ይመስለኝ ነበር። ሃያ ዓመት ያመላለሰን፣ ራሔልን አስጠምቀን የተመለስንበት፣ ለሰርግ አበባ ያሰርንበት፣ ያ ሁሉ በዚያ ትንሽ ብረት መሆኑ ገረመኝ። ከዚያ አዲሱ ገባ። ካምቢዮው፣ ካርዳኑ፣ የኋላው እግር ከነፍሬኑ ተገጠመ። ባሌስትራውም እንዳይዋዥቅ ተጠናከረ። ሞተሩ ሲነሣ የጭስ ማውጫው ድምፅ ወፍራም ነው፤ የሱቁ ጎረቤቴ እትዬ እቴነሽ «የማን አውቶቡስ ነው?» ብላ ወጣች።

የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ስለማይገጥም ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊዋ ቅጽ ሰጠችኝ። ስም፣ ታርጋ፣ አሮጌው የሞተር ቁጥር፣ አዲሱ የሞተር ቁጥር። ከሥሩ «የለውጡ ምክንያት» ይላል፤ አንድ መስመር ባዶ ቦታ። እስክሪብቶውን ይዤ ተቀመጥኩ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። በመጨረሻ ኃላፊዋ «አባት፣ ከበደዎት እንዴ? ጉልበት ለመጨመር ብለው ይሙሉት» አለችኝ። እኔ «ዳገት» ብዬ ጻፍኩ። አየችውና ማኅተም መታችበት።

ጌጁን እንዳልከው ጣልኩት።

እስካሁን ከከተማ አላወጣኋትም። ለሁሉም ነገር እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ፀጋዬ


ሻርጃ
ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ፀጋዬ፣

ጣልኩት አሉኝ። ሁለት ጊዜ ለምኜዎት ነበርና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። በየካቲት ደብዳቤዎ አልጥልም ያሉበትን ምክንያት ጽፈውልኝ ነበር፤ አሁን በአንዲት መስመር ጣልኩት አሉኝ።

ሰዲቅ ምን አለዎት?

እዮኤል


ሸዋ ሮቢት
መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእዮኤል፣

ዘመኑን የለወጠ አምላክ የእኛንም ልብ ይለውጥልን።

ሰዲቅ ምን አለህ ብለህ ጠየቅኸኝ። ሳምንት ሙሉ በዚህች ጥያቄ ላይ ስመላለስ ከረምኩ። ስለ ጌጅ ነበር የምንጻጻፈው፤ ሰዲቅን ምን አመጣው? ሰዲቅ የሚነግረኝ ነገር እንዳለ ካላወቅህ በቀር አትጠይቅም። ስለዚህ ታውቃለህ። እኔ ግን አያውቅም ብዬ፣ እንዳታውቅም ብዬ ዋሸሁህ። አልጣልኩትም። ከወይንሸት ነጠላ ጋር ሳጥን ውስጥ ነው።

የሆነውን ልንገርህ። ሰዲቅ የዳሽቦርዱን ገመድ ሲፈታ ጌጁን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ የአሜሪካን ነው እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ። የሚስቴ ወንድም ነው የላከው።»

«ኤፍ ይላል እኮ ከሥሩ። ፋራናይት። እኛ አገር በዚህ አንለካም። ስንት ሲልዎት ነበር ሞቀ የሚሉት?»

«መቶ ዘጠና አምስት።»

ሳቀ። አትቀየመው፣ አላወቀም። «አላህ ይስጥዎት ጋሼ! መቶ ዘጠና አምስት እኮ በእኛ ዘጠና ማለት ነው። ሞተር ተመችቶት የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። አቁመው ያስበርዱት ነበር እንዳይሉኝ ብቻ!»

ፊቴን አየ። ሰዲቅ ቀብሯ ላይ ነበር፤ ሦስት ጊዜ እንዳቆምኩም ሰው ሲያወራ ሰምቷል። ጨርቅ አንሥቶ እጁን ይጠርግ ጀመር፤ የጠራውን እጅ መልሶ ይጠርጋል። ከዚያ «አላህ ያጽናዎት» አለኝ፤ ወይንሸት ልክ ያን ዕለት የሞተች ይመስል። አሮጌው ሞተር ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ምንም አልነበረበትም። ቅጹ ላይ «ዳገት» ብዬ ስጽፍ ይህን አውቄ ነው። ዳገቱ ምንም አላደረገም። ለመንግሥትም ላንተም በአንድ ሳምንት ዋሸሁ።

ኤፍ የምትለዋን ፊደል ባለማወቄ ራሴን ብዙ አልወቅስም። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። የምወቅሰው በሌላ ነው። ውሃ ሲፈላ ድምፅ አለው፤ አልሰማሁም። እንፋሎት አልነበረም። ሽታ አልነበረም። ኮፈኑን ስከፍት ሞተሩ እንደ ወትሮው ነበር። ዓይንና ጆሮ እያለኝ ቁጥር አመንኩ። ከዚያም የባሰው፣ ጸሎቱን ሰዓት መለኪያ አደረግሁት። አርባ አንድ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ስል ልቤ መርፌው ላይ ነበር እንጂ ሰማይ ላይ አልነበረም።

ሦስተኛው ላይ፣ ከዋሻው በታች፣ ወይንሸት በመስኮቱ ጠራችኝ። «ፀጋዬ፣ እንሂድ በቃ።» «ትንሽ ይብረድላት» አልኳት። «የእሷን ቁጥር ተወውና እኔን እየኝ» አለችኝ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለራሔል እንኳ አላነሣሁባትም፣ ሰምታው ነበር ግን። አየኋት? አላየኋትም። «መጣሁ መጣሁ» እያልኩ ወደ ጌጁ ተመለስኩ።

አንተ ላይ ምንም የለኝም። ስጦታ ነው የላክህልኝ። የደበቅሁህም ይህን ሸክም ባሕር አሻግሬ ላንተ ላለማስያዝ ነው። አሁን ግን ሁለታችንም አንዱን ጆንያ በየጫፉ ይዘን «አንተ አልያዝከውም» እየተባባልን መሰለኝ። መቼ ነው ያወቅኸው?

ፀጋዬ


ሻርጃ
መስከረም 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ፀጋዬ፣

ይህ መልስ አልዘገየም። ነኢማ በሰው የደረሳትን ደብዳቤዎን በሰጠችኝ ማግሥት ነው የምጽፈው።

ያወቅሁት ከመጀመሪያው ደብዳቤዎ ነው። ግቢው ውስጥ፣ የመኪና በሮች የሚደረደሩበት ጥላ ሥር ቆሜ ሳነብ «መቶ ዘጠና አምስት» የምትለዋ ላይ ስደርስ ቁጭ አልኩ። በቀን ሃያ ጌጅ አያለሁ ጋሼ። ሥራዬ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ስለ ጌጁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብለው አመስግነውኛል። ለያቺ መስመር ነው ሦስት ወር መመለስ ያቃተኝ። ሥራ አልበዛብኝም ነበር።

የገዛኋት ከአንድ ትንሽ ሱቅ ነው። ሁለት ነበሩ፤ ጎን ለጎን፣ አንድ ዓይነት መስታወት ያላቸው። ሻጩ አንዷን አንሥቶ «ይህቺ የአሜሪካን ናት» አለኝ። የአሜሪካን ከሆነች ትሻላለች ብዬ እሷን አነሣሁ። ኤፍ እንደምትል አይቻለሁ። አይቻለሁ! ለሮቢት ምን ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ላሳይ የፈለግሁት ጥሩ ዕቃ እንደምልክ ነው። ከእሷ ጋር የነበረችውንም ወረቀት ፖስታው እንዳይከብድ ብዬ አወጣኋት።

ሞተሩን የላክሁት ዝም ለማለት ነው። ሁለት ሺህ ሲሲ ዝምታ። ጌጁን ጣሉት ያልኩዎት እርስዎ እንዳይጎዱ ነው ብዬ ለራሴ እነግረው ነበር። አይደለም። እርስዎ እንዳያውቁብኝ ነው። «እርስዎ ምንም አላጠፉም» ስል ግማሹ እውነት ነበር፤ ሌላውን ግማሽ፣ ማን እንዳጠፋ፣ አልጻፍኩም።

ለቀብሯም አልመጣሁም። ፈቃድ ከለከሉኝ ያልኩት እውነት ነው። አሁን ግን ፈቃድ አለኝ፣ እናም አልመጣም። ፊትዎን ማየት እፈራለሁ ጋሼ። ወይንሸት «እኔን እየኝ» ማለቷን ካነበብኩ ወዲህ ደግሞ የራሔልንም እፈራለሁ።

ይፍረዱብኝ። የሚሉኝን እቀበላለሁ።

እዮኤል


ሸዋ ሮቢት
ሚያዝያ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእዮኤል፣

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን።

አሁን ደግሞ የዘገየሁት እኔ ነኝ። መንገዱም ተዘግቶ ነበር፤ ቢከፈትም የምጽፈው አልነበረኝም። ይፍረዱብኝ ብለህ ጽፈህልኛል። ስድስት ወር ፍርድ ስፈልግ ነበር፤ ላንተ ያገኘሁት ፍርድ ሁሉ ቀድሞ እኔን ያገኘኛል። የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። አንተ ሰጪ፣ እኔ ተቀባይ፣ ፊደሏ ከመካከላችን፣ ብዬ አስረዳኋቸው። ሰምተው ሰምተው «አሁን መኪናዋ ትሠራለች?» አሉኝ። «ትሠራለች አባቴ» አልኩ። «እንግዲያ ልጅህን አድርሳት» አሉኝ። ሌላ ቀኖና አልሰጡኝም።

የእህትህ ሁለተኛ ዓመት ትናንት፣ የፋሲካ ማግሥት ላይ ዋለ። በበዓሉ ፍትሐት የለም፤ ዝክርም አላዘጋጀሁም። ራሔል ወደ ኮሌጇ መመለስ ነበረባት። እኔ አደርስሻለሁ አልኳት። ቦርሳዋን ይዛ ቆመች። «በዲኤክሷ?» አለችኝ። በዲኤክሷ።

ከዚያ በፊት ግን ጌጁን ከሳጥን አውጥቼ ለሰዲቅ ወስጄለት ነበር። «ጋሼ፣ ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ። «እሰረው ብቻ» አልኩት። አሰረው። ራሔል የጥፍር ቀለሟን አምጥታ መቶ ዘጠና አምስቱ አጠገብ፣ መስታወቱ ላይ፣ በቀይ «ደህና» ብላ ጻፈችበት። «ና»ዋ ትንሽ ጠማማ ናት።

ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። ሜዳውን እንደ ነፋስ አለፍነው። አርማኒያን አልፈን ዳገቱ ሲጠና ያ ወፍራም ድምፅ አልተለወጠም። እግሬን ትንሽ ስጫን ትንሽ ትሄዳለች፤ ሌላ ምንም የለም። መጀመሪያ ያቆምኩበት ቦታ ድንጋዩን አየሁት። አለፍነው። ደብረ ሲና መውጫውንም አለፍን፤ ሙዝ ሻጮቹ ሳህናቸውን ይዘው ሮጡልን፣ አልደረሱብንም። ጭነት መኪና ቀደምኩ እዮኤል፤ እኔ! ራሔል «አባዬ ቀስ» አለችኝና ሳቀች።

ከዋሻው በታች፣ ሦስተኛው ቦታ ላይ፣ ልቆም አስቤ ነበር። መኪናዋ እንድቆምላት አልጠየቀችም፤ ለራሴ ነው። ወርጄ አንድ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ልል፣ ያለ ሰዓት፣ ያለ መርፌ። ከኩርባው በፊት ልቤ ቸኩሎ ጀመርኩት። ኅድግ ለነ አበሳነ ላይ ስደርስ ቦታው ከኋላችን ነበር። ሳላየው አለፈ። ዋሻው ውስጥ ገባን፣ ጨለመ፣ ከየት እንዳቋረጥኩ ጠፋኝ። በዚያኛው በኩል ስንወጣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ይህን ያህል ጉልበት የላክህልኝ ለዚህ ከሆነ አላውቅም። ምናልባት ጉልበቱ በዛብኝ።

ራሔልን ደጁ ላይ አወረድኳት። ስትሄድ ዞር ብላ «አጎቴ እዮኤል መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። ሁሉንም ነግሬያታለሁ፤ ስለ ጌጁም፣ ስለ ሁለቱ ጎን ለጎን ዕቃዎችም። ሰማችኝና «እማዬ ብትኖር 'ሽቶ ይሻለው ነበር' ትለው ነበር» አለች። ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ ባቄላ ፈጭታ ሽሮ ሠራችልኝ። ይህ የሆነው በጥር ነው። ከዚያ ወዲህ ስምህን ስታነሣ ድምፅዋ አይለወጥም።

ስለዚህ ና። ፊቴን አትፍራ፤ እኔም ያንተን ፈርቻለሁና እኩል ነን። አዲስ አበባ ድረስ መጥቼ እቀበልሃለሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ስትወጣ ቁልፉን እሰጥሃለሁ፤ አንተ ያጠብከው ሞተር ነውና አንተ ትነዳለህ፣ ቁልቁል እስከ ሮቢት። እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ።

ጌጁን አላይም። አንተን አያለሁ።

ፀጋዬ